የፖለቲካ ንግግር ነጻነትና ማኅበራዊ አብሮነት፦ ሕጉ የት ላይ መቆም አለበት?

ጥያቄ፦ «በዴሞክራሲ ሥርዓት ማንም ሰው የመሰለውን የፖለቲካ ሐሳብ ያለ ገደብ ይናገር ከተባለ ማኅበረሰቡ በጎራ ተከፋፍሎ ለግጭት ይዳረጋል። ይገደብ ከተባለ ደግሞ ተቃዋሚ ሁሉ ‹ከፋፋይ› እየተባለ አፉ ይዘጋል። ለመሆኑ ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል? አንድነትን የሚያናጋ ንግግር በሕግ ቢከለከል ይሻላል ወይስ ሰው የፈለገውን ተናግሮ ሐሰቱ በእውነት እስኪሸነፍ መጠበቅ?»

ምላሽ፦ ጥያቄው የቆመበት ግምት ራሱ መታረም አለበት። ነጻነትና አብሮነት፣ አንዱ በጨመረ ቁጥር ሌላው የሚቀንስ ተደርገው ቀርበዋል፤ በአብዛኛው የፖለቲካ ሕይወት ግን እንዲህ አይደለም። የአንድ ማኅበረሰብ አብሮነት የሚለካው ሰዎች በመስማማታቸው ሳይሆን ሳይስማሙ አብረው ለመኖር በሚያስችላቸው መተማመን ነው። በምርጫ የተሸነፈው ወገን ሕይወቱ፣ ቤቱና ሥራው እንደማይነካበት፣ ቅሬታውን በአደባባይ አሰምቶ ደጋፊ ማሰባሰብ እንደሚችልና በሚቀጥለው ጊዜ የማሸነፍ ዕድል እንዳለው ሲያምን ያ ማኅበረሰብ ጽኑ ነው። የመናገር መብት የዚህ መተማመን አንዱ መሠረት በመሆኑ እሱን ነሥቶ አብሮነትን ማጽናት አይቻልም። ጭቅጭቅ የበዛበት ምክር ቤት፣ መሪን በየዕለቱ የሚተች ጋዜጣ፣ ስለ ታሪክ ወይም ስለ ቋንቋ የሚደረግ መራር ክርክር የመፍረስ ምልክቶች አይደሉም። ዝምታም የአንድነት ማስረጃ አይሆንም፤ ሰው ቅሬታውን ፈርቶ ስለዋጠው ቅሬታው ጠፋ ማለት አይደለምና።

ሁለቱ በእርግጥ የሚጋጩበት ቦታ አለ፤ ግን ጠባብ ነው። ተናጋሪው የአንድን ወገን አቋም መተቸቱን ትቶ ያ ወገን በማንነቱ ብቻ እንዲጠቃ፣ እንዲገለል ወይም እንዲባረር ሌሎችን ማነሳሳት ሲጀምር ጉዳቱ ከስሜት መነካት ያልፋል። የተነገረበት ሰው ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ ይሰጋል፣ በስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ ለመናገር ይፈራል፣ ድምፁን ለመስጠት ከቤቱ ለመውጣት ያመነታል። እዚህ ላይ የአንዱ ንግግር የሌላውን የመናገርና የመሳተፍ መብት እያፈነ ስለሆነ፣ ሕግ ጣልቃ ሲገባ ነጻነትን ለአንድነት ሲል አሳልፎ መስጠቱ ሳይሆን የሁለት ሰዎችን ነጻነት ማስታረቁ ነው። ስለዚህ «የትኛው ይቀድማል?» በሚለው ምትክ «የትኛው ንግግር፣ ምን ዓይነት ጉዳት ያስከትላል፣ በየትኛውስ መንገድ ይከላከሉታል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

«መብቱ ገደብ የለውም» የሚለውም ሆነ «አንድነት ከሁሉ ይቀድማል» የሚለው አቋም በዓለም አቀፍ ሕግ መሠረት የለውም። በ1966 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) በአንቀጽ 19 ማንኛውም ሰው መረጃና ሐሳብን የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ቀጥሎም ይህ መብት በሕግ በተደነገገና አስፈላጊ በሆነ መጠን ብቻ የሌሎችን መብትና መልካም ስም፣ ብሔራዊ ደኅንነትን፣ የሕዝብን ጸጥታ፣ ጤናን ወይም ሞራልን ለመጠበቅ ሊገደብ እንደሚችል ይዘረዝራል። «የሕዝብ አንድነት» ወይም «የመንግሥት ክብር» የሚል ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ብዙ መንግሥታት ይህን ክፍተት «ብሔራዊ ደኅንነት» የሚለውን ቃል በመለጠጥ ሊሞሉት ይሞክራሉ፤ ነገር ግን አንድ ሐሳብ ለገዥው ፓርቲ አስጊ መሆኑ አገርን አስጊ አያደርገውም።

የቃል ኪዳኑ አንቀጽ 20 ደግሞ መድልዎን፣ ጠላትነትን ወይም ጥቃትን እስከ ማነሳሳት የሚደርስ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ ቅስቀሳ በሕግ እንዲከለከል ያዝዛል። አንቀጹ ብዙ ጊዜ ከሚለው በላይም በታችም ተደርጎ ይነበባል። ጥላቻ በሰው ልብ ስላለ ወይም በአንደበቱ ስለወጣ ብቻ አይከለከልም፤ ሌላውን ሰው ለድርጊት የሚያነሳሳ ቅስቀሳ መሆን አለበት። እንዲሁም «በሕግ ይከለከል» ማለት የግድ «በእስራት ይቀጣ» ማለት አይደለም፤ ካሳ፣ እርምት፣ የመልስ መብትና አስተዳደራዊ ቅጣትም በሕግ መከልከያ መንገዶች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2011 ባወጣው 34ኛ ጠቅላላ አስተያየቱ፣ የአገር መሪዎችን ጨምሮ ከፍተኛ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች ለትችትና ለተቃውሞ የተጋለጡ መሆናቸው ተገቢ እንደሆነና ስለ ታሪክ የተለየ አስተያየት መያዝን የሚቀጡ ሕጎች ከቃል ኪዳኑ ጋር እንደማይጣጣሙ ገልጿል። የጠያቂው ሥጋት ማለትም ተቃዋሚ ሁሉ «ከፋፋይ» እየተባለ መዘጋቱ፣ ከሕጉ አፈጻጸም የሚመነጭ ችግር ብቻ አይደለም። «አንድነትን የሚያናጋ» የሚል ድንጋጌ ገና ሲረቀቅ ጀምሮ ለዚያ አገልግሎት የተመቸ ነው።

ታዲያ ወሰኑ እንዴት ይታወቃል? ሥራ ላይ ሊውል የሚችል መመዘኛ በ2012 በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት ባለሙያዎች ካጸደቁት የድርጊት መርሐ ግብር እናገኛለን። መርሐ ግብሩ አንድ ንግግር የወንጀል ቅጣት ይገባዋል ከመባሉ በፊት ስድስት ነገሮች አብረው እንዲታዩ ይጠይቃል፤ እነሱም ንግግሩ የተነገረበት ሁኔታ፣ የተናጋሪው ማንነትና ተሰሚነት፣ ሐሳቡ ወይም ዓላማው፣ የንግግሩ ይዘትና አቀራረብ፣ የተሰራጨበት ስፋት፣ እንዲሁም ጉዳት የማድረሱ ዕድልና ቅርበት ናቸው። «እነዚህ ሰዎች ከዚህ መውጣት አለባቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። አንድ የማይታወቅ ሰው በንዴት ለጥቂት ጓደኞቹ ቢናገረው አስቀያሚና ነቀፋ የሚገባው ንግግር ነው፤ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ግን አይደለም። ይኸው ዓረፍተ ነገር ባለፈው ሳምንት ሰው በተገደለበት አካባቢ፣ የታጠቁ ወጣቶች በሚታዘዙት መሪ፣ የተሰበሰበ ሕዝብ ፊት፣ ቤቶቹ በጣት እየተጠቆሙ ቢነገር ትእዛዝ ነው። ቃላቱ አልተለወጡም። በቃላት ዝርዝር ላይ የተመሠረተ ክልከላ ሁልጊዜ የሚከሽፈውም በዚህ ነው፦ የመጀመሪያውን ሰው ያስራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ቃሉን በሌላ ተክቶ ያመልጣል።

ከስድስቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ዓላማው ነው። ጥላቻን ያወገዘ፣ የመረመረ ወይም ለሕዝብ ያሳወቀ ሰው ከቀስቃሹ ጋር ተቆጥሮ ሲከሰስ ታይቷል። ዴንማርክ ውስጥ አንድ ጋዜጠኛ ዘረኛ ወጣቶችን ለቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ በማድረጉ ተፈርዶበት ነበር፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ1994 ፍርዱ የመናገር ነጻነቱን የጣሰ ነው ብሎ ወስኗል። ዘገባን ከቅስቀሳ የማይለይ ሕግ ማኅበረሰቡ አደጋውን የሚያይበትን ዓይን ያጠፋል።

ዴሞክራሲያዊ አገሮች በዚህ ጉዳይ አንድ መንገድ አይከተሉም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 የነጮችን የበላይነት የሚሰብክ የኩ ክላክስ ክላን ቡድን መሪ በነበረ ሰው ጉዳይ ላይ፣ መንግሥት ንግግርን ሊቀጣ የሚችለው ንግግሩ ወዲያው የሚፈጸም ሕገ ወጥ ድርጊትን ለማነሳሳት የታለመና ያንንም የማስከተል ዕድል ያለው ሲሆን ብቻ ነው ሲል ወሰነ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1976 መብቱ መንግሥትን ወይም የትኛውንም የሕዝብ ክፍል የሚያስቀይሙ፣ የሚያስደነግጡና የሚረብሹ ሐሳቦችንም ይጨምራል ብሏል፤ ሆኖም አባል አገሮች ዘርን መሠረት ያደረገ የጥላቻ ቅስቀሳን እንዲቀጡ ከአሜሪካ ይልቅ ሰፊ ቦታ ይሰጣቸዋል። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1990 ሆን ብሎ ጥላቻን ማስፋፋትን የሚከለክለውን የወንጀል ድንጋጌ በ4 ለ3 ድምፅ አጽንቷል። በእነዚህ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ መንግሥትንና ፖሊሲውን መተቸት፣ መራራና የተጋነነ ቢሆን እንኳ፣ ከጥበቃው ማእከል አይወጣም። «እገሌ የተባለው አገር የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል» እያሉ ተቃውሞን መዝጋት የዚያን አገር ሕግ ግማሹን ብቻ መጥቀስ ነው።

ነጻነትን የሚፈሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሡት ምሳሌ ሩዋንዳ ነው፤ ሲያነሡትም ትምህርቱን ይገለብጡታል። በ1993 ሥርጭት የጀመረው ሚል ኮሊን የተባለው ሬዲዮ ጣቢያ በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ወቅት የሚገደሉ ሰዎችን ስምና የተደበቁበትን ቦታ ሳይቀር ያስተላልፍ ነበር። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2003 የጣቢያውን ሁለት መሥራቾችና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅን ጥፋተኛ ብሏል። ነገር ግን ይህ ጣቢያ ከቁጥጥር ያመለጠ የነጻ ፕሬስ ውጤት አልነበረም። በስሙ የግል ቢሆንም ከኋላው የቆሙት ለሥልጣን ቅርብ የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ ግድያው ሲጀመርም በመጀመሪያ ከተገደሉት መካከል ለዘብተኛ ፖለቲከኞች ይገኙበታል። አደጋው የተባባሰው አንድ ወገን ብቻ እየተናገረ፣ የሚመልስለት በጠፋበት፣ ንግግሩም ከጦር መሣሪያና ከመንግሥት መዋቅር ጋር በተያያዘበት ሁኔታ ነው። የይግባኙ ችሎት በ2007 አንዳንዶቹን የጥፋተኝነት ውሳኔዎች ሲሽር በጥላቻ ንግግርና የዘር ማጥፋትን በቀጥታና በአደባባይ በማነሳሳት መካከል ያለውን ልዩነት አስረግጧል፤ እንዲህ ባለ ከባድ ጉዳይ እንኳ ፍርድ ቤት ያንን መለየት ግዴታው አድርጎታል። ሩዋንዳ በ2008 ያወጣችው «የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለም» ሕግም በአሻሚነቱ ብዙ ተተችቶ ኋላ ተሻሽሏል። መነሻው ሊገባን የሚገባ ሥጋት ነው፤ የተጎዳ ሕዝብ ራሱን መጠበቁ አያስወቅሰውም። ቢሆንም አሻሚ ሕግ የሚጠብቀው ተጎጂውን ብቻ ሳይሆን ሥልጣን ላይ ያለውንም ጭምር ነው።

የፖለቲከኞች ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ሚዛኑ ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነውና። ፖለቲከኛ የትችት ዒላማ ሲሆን ከተራው ሰው ያነሰ ጥበቃ ሊኖረው ይገባል፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1986 ኦስትሪያን በተመለከተ በሰጠው ውሳኔ ያጸናው መርሕ ይህ ነው። ተናጋሪ ሲሆን ደግሞ ቃሉ ከተራው ሰው ቃል የበለጠ ክብደት አለው። በ2009 ይኸው ፍርድ ቤት ስደተኞችን በማንነታቸው የሚያጠቃ የምርጫ በራሪ ወረቀት ያሰራጨ የቤልጂየም ፓርቲ መሪ መቀጣቱን በ4 ለ3 ድምፅ ሲደግፍ፣ ፖለቲከኞች አለመቻቻልን ከሚያባብስ ንግግር መቆጠብ እንደሚገባቸው አስታውሷል። በበኩሌ መርሑን ስቀበል በዚያ ጉዳይ ከተጣሉት ቅጣቶች አንዱ የሆነው ለ10 ዓመት ከመመረጥ መታገድ ከመጠን ያለፈ ነበር እላለሁ፤ መራጩ ራሱ ሊሰጥ የሚገባውን ፍርድ ፍርድ ቤት ቀምቶታል። በተግባር የምናየው ግን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። በብዙ አገሮች ባለሥልጣን ሲተች ሕጉ ይነቃል፣ ባለሥልጣን ሲቀሰቅስ ግን ያንቀላፋል። የአንድን የጥላቻ ንግግር ሕግ ቅንነት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጽሑፉን ከማንበብ ይልቅ ከገዥው ወገን ስንት ሰው እንደተከሰሰበት ቢጠይቅ ቶሎ ይረዳል።

ሐሰተኛ መረጃ ከጥላቻ ቅስቀሳ ጋር በአንድ አዋጅ መጠቅለሉ እየተለመደ መጥቷል፤ ይህ ስሕተት ነው። ቅስቀሳ የሚለካው በሚያስከትለው ጉዳት ሲሆን ሐሰት ግን ብዙ ጊዜ የማይጎዳ፣ አንዳንዴም ገና ያልተጣራ እውነት ነው። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 «ሐሰተኛ ወሬን» በጠቅላላው የሚቀጣውን አሮጌ ድንጋጌ የሻረው፣ በፊቱ የቀረበው ተከሳሽ የናዚዎችን እልቂት የካደ ጽሑፍ አሳታሚ ሆኖ ሳለ ነው። ዳኞቹ ለሰውየው አልራሩም፤ መንግሥት የእውነት ፈራጅ ሲሆን የሚመጣውን ተረድተው ነበር። ሐሰትን መቅጣት የሚገባው ግልጽና ተጨባጭ ጉዳት በሚያስከትልባቸው ውስን ቦታዎች ነው፦ መራጮችን ስለ ድምፅ መስጫው ቀን ወይም ቦታ ሆን ብሎ ማሳሳት፣ ሕዝብን ለድንጋጤ የሚዳርግ የሐሰት የአደጋ ጥሪ፣ ማጭበርበር፣ ስም ማጥፋት።

የጠያቂው ሁለተኛ አማራጭ ማለትም እውነት እስኪያሸንፍ መጠበቅ፣ በሁኔታዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሐሳብ በሐሳብ የሚረታው መልስ የሚሰጠው ወገን መድረክ ሲኖረው፣ ሲናገር የማይመታ ሲሆንና ጊዜ ሲኖር ነው። ሰልፉ ወደ ሰፈሩ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ጥሩ ጽሑፍ አይመልሰውም። ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን ጊዜ አሳጥሮታል፤ ይዘትን የሚያስቀድሙት የኩባንያዎቹ ስልቶች ቁጣን ሲያጎሉ፣ ማንም ሳያዘው የጥላቻ ንግግር ከእርምቱ ቀድሞ ይደርሳል። በምያንማር በሮሂንጋ ሕዝብ ላይ ጥቃት ሲፈጸም የነበረውን ቅስቀሳ ለመግታት በቂ ሥራ እንዳልሠራ ፌስቡክ በ2018 አምኗል። የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቁ በቂ ሠራተኞች አለመመደባቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ ግልጽ የሆነ ሕገ ወጥ ይዘት አቤቱታ በቀረበበት በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ አዝዛ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ የሚደርስ ቅጣት ደንግጋ ነበር። ሕጉ ኩባንያዎችን አንቅቷል፤ ቢሆንም ቅጣት የሚፈራ ኩባንያ የሚያጠራጥረውን ሁሉ ማንሣት ስለሚቀለው ሕጋዊ ንግግርም አብሮ የመጥፋት አደጋ አለው። የተሻለው ግዴታ ስለ እያንዳንዱ ጽሑፍ ሳይሆን ስለ አሠራር የሚጠይቅ ነው፦ በየቋንቋው በቂ ባለሙያ መኖሩ፣ ይዘቱ የተነሣበት ሰው ምክንያቱ ተነግሮት ይግባኝ ማለት መቻሉ፣ ይዘትን የሚያጎሉት ስልቶች ለገለልተኛ ምርመራ ክፍት መሆናቸው። ኢንተርኔትን በጠቅላላ መዝጋት ግን መፍትሔ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም፤ ወሬው በአፍ ይቀጥላል፣ የሚቋረጠው ወሬውን የሚያስተባብለውና እርዳታ የሚጠራው ሰው ድምፅ ነው።

በክልከላና በዝምታ መካከል ብዙ መንገድ አለ፤ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ሰሜን አየርላንድ ለዚህ ጥሩ አብነት ናት። በዚያ የሁለቱ ማኅበረሰቦች (የፕሮቴስታንቶቹና የካቶሊኮቹ) ሰልፎች ለብዙ ዘመን የደም መፋሰስ መነሻ ነበሩ። በ1998 በወጣ ሕግ ሥልጣን የተሰጠው የሰልፎች ኮሚሽን የሰልፈኞቹን እምነት አይከለክልም፤ የሚወስነው ስለሚያልፉበት መንገድና ሁኔታ ነው፣ ለምሳሌ በሌላው ወገን ቤተ ክርስቲያን ፊት ሲያልፉ ሙዚቃው ቆሞ አንድ ከበሮ ብቻ እንዲመታ ሊያዝዝ ይችላል። ጠቡ አልጠፋም፣ ኮሚሽኑም ከሁለቱም ወገን ይወቀሳል፤ ሐሳቡ ሳይታፈን ፍጥጫው ግን ረግቧል። ከዚህ ሌላ የተጠቁ ሰዎችን በጊዜው የሚጠብቅ ፖሊስ፣ በሥራና በመኖሪያ ቤት መድልዎን የሚከለክል ሕግ፣ የሁሉንም ወገን ድምፅ የሚያሰማ የሕዝብ መገናኛ ብዙኃን፣ በምርጫ ጊዜ ፓርቲዎች በጋራ የሚፈርሙትና የራሳቸውን አባል የሚገሥጹበት ደንብ ከብዙ የክስ መዝገቦች የበለጠ ይሠራሉ። በተለይ ከቀስቃሹ ወገን የሆነ የተከበረ ሰው በጊዜ ወጥቶ «ይህ በእኛ ስም አይደረግም» ሲል የሚያሳድረው ኃይል በሕግ ሊተካ አይችልም።

ምክሬ የማያሻማ ነው። «አንድነትን የሚያናጋ»፣ «ከፋፋይ» ወይም «የሕዝብን ስሜት የሚጎዳ» የሚሉ ቃላት በወንጀል ሕግ ውስጥ ፈጽሞ አይግቡ፤ ከገቡም ይውጡ። የወንጀል ቅጣት በማንነታቸው በተለዩ ሰዎች ላይ ጥቃትን፣ ጠላትነትን ወይም መድልዎን ሆን ብሎ ለሚያነሳሳና ስድስቱን የራባት መመዘኛዎች ለሚያሟላ ንግግር ብቻ ይቀመጥ፤ እስራት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ክሱም በገለልተኛ ፍርድ ቤት ይታይ። ከዚያ በታች ያለው በማንነት ላይ ያነጣጠረ ማዋረድ በፍትሐ ብሔር ካሳና በእርምት ይመለስ። ከዚያም በታች ያለው፣ አስቀያሚውን ጨምሮ፣ ለመልስ፣ ለነቀፋና ለድምፅ መስጫ ሣጥን ይተው። ይህን ለማስፈጸም የማይችል፣ ፍርድ ቤቱ ለአስፈጻሚው የሚታዘዝ አገር ደግሞ አዲስ የንግግር ሕግ ከማውጣቱ በፊት ፍርድ ቤቱን ነጻ ያድርግ፤ እስከዚያው በግድያና በድብደባ ላይ ያሉት መደበኛ የወንጀል ድንጋጌዎች ትእዛዝ ሰጪውንና አነሳሹን ለመክሰስ በአመዛኙ ይበቃሉ።

ይህ አካሄድ ወሰን አለው። ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ በደልን፣ ያልተፈታ የመሬት ወይም የውክልና ጥያቄን የትኛውም የንግግር ሕግ አይፈውስም፤ ሰዎች ለቀስቃሽ ጆሯቸውን የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ሌላ የሚሰማቸው ስለሌለ ነው። መመዘኛውን የሚተረጉሙት ሰዎች በመሆናቸውም መሳሳታቸው አይቀርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ የተወሰነ ዕድሜ ይኑረው፤ ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ምክር ቤቱ ዳግም ካላጸደቀው ይሻር። ለዚያ ግምገማም ማን በምን ንግግር እንደተከሰሰ፣ የትኛው ወገን እንደሆነና ውጤቱ ምን እንደነበር የሚያሳይ ዝርዝር ዐቃቤ ሕግ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ የማድረግ ግዴታ ይኑርበት።